የሰይድ ድርብ ብር

እናንተ ሰፈር ሳንቲም በማጉያ መስታወት የሚመረምር ሰው አለ? እኛ ሐይቅ ከተማ አንድ አለን! ሰይድ ይባላል፤ ከሳዑዲ ተመልሶ ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤቴ ነው። ጽሑፉ ድርብ ሆኖ የተሠራ ሳንቲም ብዙ ያወጣል ሲባል ስልኩ ላይ ካየ ወዲህ፣ እያንዳንዷን ሳንቲም ሳይመረምር መልስ አይሰጥም። ተሳፋሪው ቢቸኩል እሱ ምን ገዶት!

ባለፈው ዓርብ በሬን በርግዶ ገባ።

"አገኘሁ! ወላሂ አገኘሁ!"

እውነትም በያዛት የአንድ ብር ሳንቲም ላይ ፊደሉ ሁሉ ተደርቧል። እኔም አብሬው ጮኽኩ። ምን ላድርግ? ደስታ ይጋባል! ሰይድ ብሯን በየደጁ እየዞረ ካሳየ በኋላ ለምስጋና በግ አረደ፤ ጎረቤት ተጠርቶ ዱዓ ተደረገ፤ ተበላ።

እጃችንን ስንታጠብ ሐጂ ይመር ብሯን አንስተው አገላበጧት። ሐጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማህተም ሲቀርጹ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ልጄ፣ ሳንቲም የሚመታበት ቅርጽ ራሱ ሁለቴ ከተቀረጸ ሁለቱም ፊደል ጎላ ብሎ ይወጣል። ውዱ ያ ነው። ያንተ ግን አንደኛው ጠፍጣፋ ነው፤ ማሽኑ ሲመታ ተንሸራቶ ነው። ማህተም የሚመታ ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥ እንደሚያዛባው ማለት ነው። አብሽር፣ ዳቦ ባይገዛም አንድ ብር ነው።"

የሰይድ ፊት አመድ መሰለ።

"ይሄን መቼ አወቁ፣ ሐጂ?"

"ጠዋት ደጄ ላይ ስታሳየኝ።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?"

ሐጂ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ፣ "ያኔማ በጉ ገና አልታረደም ነበር!" አሉ።