የጢሱ ነገር

ሰው ለአፉ ይህን ሁሉ ደንብ ሲያወጣ አፍንጫውን ለምን እንደረሳው ሁልጊዜ ይገርመኛል። አፋችን የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ እያለ ይመርጣል፤ አፍንጫ ግን የጎረቤት ወጥ በሸተተው ቁጥር ማን እንዳረደው ሳይጠይቅ ይጎመጃል። እናንተስ ታዝባችሁት አታውቁም?

በጃንሆይ ጊዜ ኮልፌ ስንኖር፣ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ሱሩር ነበሩ። ሃያ ዓመት ኀዘንና ደስታ ተካፍለናል። ድግስ ሲኖራቸው ለእኛ ለብቻ በግ በክርስቲያን እጅ ያሳርዱልናል፤ እኛም ለእነሱ እንዲሁ። ይህን ያህል ተከባብረን ከአንድ ትሪ ቆርሰን አናውቅም። ሽሮ መቼ ጠፋ ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ለሃያ ዓመት ጎረቤት ሽሮ አቅርቡና ዓይኑን እዩት!

ታዲያ ጋሽ ሱሩር ለሐጅ ሊሄዱ ሲዘጋጁ፣ "እንግዲህ ሸምግያለሁ፤ እዚያው ብቀርስ? አንድ ቀን እንኳ አብረን እንብላ እንጂ!" አሉኝ። ሆዴ ባባ። ወዲያው ትዝ ያለችኝ በቀራንዮ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያላት ዘነበች ናት። የምታቀርበውን ሁሉ በወይራ ጢስ እያጠነች ነው የምታበስለው፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ከዝዋይ ዓሣ ማስመጣት ጀምራለች። ዓሣ እንደሆነ አራጅ የለው፣ ባራኪ የለው! ያስቸገረን ቀኑ ብቻ ነበር፤ ሰኞና ሐሙስ እሳቸው ይጾማሉ፣ ረቡዕና ዓርብ እኔ። ማክሰኞ ተቆረጠ።

ዓሣው ከነጭንቅላቱ እንጀራ ላይ ተጋድሞ መጣ። ሽታው! እሳቸው ቢስሚላህ፣ እኔ በስመ አብ ብለን እጃችንን ስንዘረጋ፣ ይቺ ጠያቂ ምላሴ አላስቀምጠኝ አለች።

"ዘነበች፣ ዓሣውን የምታጥኚው ለብቻ ነው?"

"ኧረ ከየት አምጥቼ! ያለኝ ምድጃ አንድ ነው። ከሥጋው ጎን አንጠልጥዬው ነው።"

እጄን ሰበሰብኩ። ምን አስለፈለፈኝ? የእኛን ሥጋ የነካ ጢስ ዓሣውንም ነክቶታል፤ ጋሽ ሱሩር አሁን ምን ይላሉ? ሃያ ዓመት የዘገየውን ማዕድ በገዛ አፌ ላፈርሰው ነው። ዘነበችም ነገሩ ገብቷት የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትል ጀመር።

ጋሽ ሱሩር አንዴ ዓሣውን፣ አንዴ እኔን አዩ።

"ስማ፣ ሚስትህ ለፋሲካ ዶሮ ስትሠራ ጢሱ የሚገባው ማን ቤት ነው?"

"እርስዎ ቤት።"

"ሃያ ዓመት ስውጠው አንድ ቀን ጠይቀኸኛል? በል ብላ!"

ይህን ብለው የዓሣውን ጎን ገመሱና በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሱኝ። የእጃቸውን ስፋት ደግሞ አታውቁትም! እንዴት ደስ እንዳለኝ። የዓሣው አጥንት ጉሮሮዬ ላይ መሰንቀሩን ያወቅሁት ከደስታው በኋላ ነው። ታዲያ ይተፋል? የሃያ ዓመት ጉርሻ! ዓይኔ እንባ አቅርሮ ልውጠው ስታገል፣ እሳቸው ሁለተኛውን እየጠቀለሉ ነበር።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ።