ልብስ ሰፊያችን ጀርባዋን ስትሰጥ

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ጀርባዋን ነው። ዚፑ የተበላሸ ሱሪዬን ይዤ ሱቋ ገባሁ። ተቀበለችኝ፣ ገለበጠችው፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሳችና ወደ መስኮቱ ሄደች። ጀርባዋን ሰጠችኝ።

"ልነግርህ የሚገባ አንድ ነገር አለ" አለች፣ ወፈር ባለ ድምፅ።

እናቴ አንድ ነገር የሆነች መሰለኝ።

"ዚፑ ከእንግዲህ አይመለስም።"

ከመስኮቱ ውጭ ያለው የዳቦ ቤቱ ግድግዳ ብቻ ነው። እሷ ግን ባሕር እንደሚያይ ሰው ዐይኗን አጥብባ ነበር የቆመችው።

ተከታታይ ድራማ የሚያይ ሰው በየቤቱ አለ። ድራማው አልቆ፣ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ፣ እሱ ግን የማያልቅ ሰው ደግሞ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለእኛ ሰፈር የደረሰችው ክብርት ልብስ ሰፊያችን ናት፤ ሁላችንም "እትዬ" እንላታለን። በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ሱቋን ዘግታ፣ በሩ ላይ "እመለሳለሁ" የሚል ካርቶን ሰቅላ ወደ ቤቷ ትሮጣለች። ስትመለስ ግን ብቻዋን አይደለችም። የተካዱ ሙሽሮች፣ መርዝ የቀመሱ ባለሀብቶችና ክፉ አማቶች ከኋላዋ ተከታትለው ይገባሉ።

ጺሙን ተላጭቶ የመጣውን የመድኃኒት ቤቱን ሰውዬ ለረጅም ጊዜ ተመልክታ መንታ ወንድም እንዳለው ጠየቀችው። የለኝም አላት። "እናትህ እርግጠኛ ናቸው?" አለችው። የሂሳብ አስተማሪው ጎረቤታችን ከብስክሌት ወድቆ እግሩ በጀሶ ታስሮ ሲመጣ ደግሞ፣ ፍሬኑን የነካው ማን እንደሆነ ለማወቅ ፈለገች። ድንጋይ ነው የጣለኝ ሲላት፣ ድንጋዩን እዚያ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ግን በክራንቹ እያነከሰ ድንጋዩን ሊያይ ሲሄድ አገኘሁት።

ከሁሉም የሚብሰው የወሬ አቆራረጧ ነው። የሰፈሩን ነገር እያወራች ትለካለች፣ እያወራች ትቆርጣለች። ነገሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ማን ከማን ጋር ታየ የሚለው ሊወጣ ሲል፣ አንድ መርፌ አንስታ በከንፈሯ ትይዛለች። "የቀረውን ነገ።" ለአንድ ዚፕ ሳምንታት ተመላልሻለሁ። ለዚፑ ነው ብል ውሸት ነው።

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ዝምተኛ ሰው። እንዴት እንደሚችላት ብጠይቀው፣ እሱ በዚህ ድራማ ውስጥ በር ከፋች እንደሆነና የሚናገረው ነገር እንዳልተጻፈለት ነገረኝ። ቢሞት እንኳ አትለቀውም አሉ፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ መንታ ወንድሙ ሆኖ ይመለሳል።

በዚህ ሁሉ መሳቅ ይቀለኝ ነበር፣ አንድ ቀን እናቴ ደውላ ደህንነቴን ስትጠይቀኝ ራሴን መስኮት ሥር ቆሜ ባላገኘው።

አንድ የማያስቅ ነገር ግን ነበራት። ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ከሚኖሩት ታላቅ እህቷ ጋር ከተኳረፉ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ምክንያቱ ቀሚስ ነው። እህትየው ልጃቸውን ሲድሩ የሙሽራዋን ቀሚስ ሌላ ልብስ ሰፊ ጋ አሰፉ። እትዬ ሠርጉ ላይ ተገኘች፣ ቀሚሱን ከአንገቱ እስከ ጫፉ አየችው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ እህቷ ቤት እግሯን አላነሳችም። ለምን እንደማይታረቁ አንዴ ብጠይቃት፣ "ገና ሆስፒታል አልደረስንም" አለችኝ። በድራማው ውስጥ ሰው የሚታረቀው ሆስፒታል ነዋ። እሷ ተራዋን እየጠበቀች ነበር።

አንድ ጠዋት ባሏ፣ እህቷ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና እንደተደረገላቸው ሰምቶ ሱቁ መጣ። መቀሱ ከእጇ ወደቀ። አራት ዓመት የጠበቀችው ክፍል ደረሰ። "ብትሞትብኝስ?" አለች፤ ያን ጊዜ ፊቷን አላዞረችም።

ባሏ ሥራ ስለነበረበት ለጥየቃ የተገዛውን ብርቱካን ተሸክሜ እኔ አብሬያት ሄድኩ። በመንገድ ላይ፣ ገጣሚ አይደለህ፣ የምናገረውን ጻፍልኝ አለችኝ። አውቶቡስ ውስጥ ስድስት መስመር ጻፍኩላት። አነበበችው። "ቆንጆ ነው፤ ግን ሰው እንዲህ አያወራም" ብላ መለሰችልኝ። ይህን የምትለው እሷ ናት።

የሆስፒታሉ ክፍል አራት አልጋ አለው። የእህቷ አልጋ በሩ አጠገብ ነው፤ መስኮቱ ያለው በወዲያኛው ጥግ፣ አንዲት የማናውቃቸው ወፍራም ሴትዮ ከተኙበት ራስጌ። እትዬ እህቷን አየቻቸው፣ እህቷም አዩአት። ከዚያ ክብርት ልብስ ሰፊያችን ክፍሉን አቋርጣ ሄዳ መስኮቱ ጋ ቆመች። ጀርባዋን ለእህቷ ሰጠች።

"አራት ዓመት በደጅሽ አላለፍኩም" አለች። ድምፅዋ ወፍሮ ጀመረና መሀል ላይ ተሰበረ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በይኝ።"

መስኮቱ ሥር የተኙት ሴትዮ ቀና ብለው አዩአት።

"ይቅር ብዬሻለሁ፣ እህቴ" አሏት። "ግን ማን ነሽ?"

ከበሩ በኩል የመጣው የሳቅ ድምፅ አልነበረም፤ ሳቅና ጩኸት የተቀላቀለበት ነበር። እህትየው በሁለት እጃቸው ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እየወረደ፣ "አታስቂኝ፣ ስፌቱ ይተረተራል!" አሉ።

እትዬ ዞረች። እየሮጠች ሄዳ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገች፤ ፋሻውን በጣቷ ልታነሳ ስትል ነርሷ ተቆጣቻት። ማን እንደሰፋቸው ጠየቀች፤ የሐኪሙ እጅ ጥሩ መሆኑን ልታጣራ ነው። እህቷ የእትዬን እጅ ያዙ።

"የሙሽራዋ ቀሚስ እኮ በሠርጉ ዕለት ብብቱ ሥር ተተረተረ" አሏት። "ልጄ ሙሉ ቀን ክንዷን አጣብቃ ነው የዋለችው።"

"ታዲያ ለምን አላመጣሽልኝም?"

"አፍሬ።"

እትዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ ነገር ስትሰማ መሄድ የነበረባት ወደ መስኮቱ ነው። አልሄደችም። ብርቱካን መላጥ ጀመረች፤ አንዱን ለእህቷ፣ አንዱን ይቅር ላሏት ሴትዮ።

ሱሪዬን የተረከብኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ዚፑ አዲስ ነው። አስር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ አሁን ድራማውን ሁለቱም የሚያዩት እህቷ ቤት፣ አንድ ሶፋ ላይ ነው። ካርቶኑን ሰቀለች፣ ሱቁን ቆለፈች፣ ከዳቦ ቤቱ ሴትዮ ጋር ስለታየው ሰው ጀምራልኝ የነበረውን ወሬ እንደተለመደው ጫፉ ላይ ቆረጠችው።

ሁልጊዜ ወደ ቤቷ ስትሮጥ እንኳ የመንገዱ ማዕዘን ጋ ትቆማለች፣ ዘወር ትላለች፣ አንድ ከባድ ነገር ተናግራ ትሄዳለች። ሱሪዬን ታቅፌ ጠበቅኩ። አልቆመችም። ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ በፍጥነት ትራመድ ነበር።

ጀርባዋን እያየሁ፣ ልነግራት የሚገባ አንድ ነገር እንዳለ ተሰማኝ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እንደ እሷ ወሬ ለነገ አቆየሁት፤ እሷም ማዕዘኑን ታጠፈች።