ክብርት የኪቦርዱ ባለቤት

አምስት ሰው አንድ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጡ፤ አንዱ ኪቦርዱን ይይዛል፣ አራቱ የሱን ጀርባ ይማራሉ። ቀበሌ ሂዱ፣ ሠርግ ቤት ሙዚቃ የሚመርጡትን እዩ፣ የትም ያው ነው። ለእኔ የደረሰችኝ ክብርት ዱሬቲ ናት።

አዳማ ውስጥ የአንደኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ሲ ፕሮግራሚንግ የሚባል ኮርስ አለን። ላብራቶሪያችን ውስጥ የሚሠራው ኮምፒውተር ስምንት ብቻ ስለሆነ በአምስት በአምስት ተቧደንን። ዱሬቲ ከደራ ከተማ የመጣች ልጅ ናት፣ ቀጭን። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ግን ከየት እንደምታመጣው እንጃ፣ ስክሪኑን ጥርቅም አድርጋ ትጋርደዋለች። ከቡድናችን ኑዕማን ረጅም ስለሆነ ከላይ አሻግሮ ያያል። እኔ አጭሩ የማየው የሻርፗን አበባ ነው። ስንት አበባ እንዳለው ልንገራችሁ? ሠላሳ አራት።

እጄን ዘርጋ ሳደርግ «ቆይ ማሎ፣ እኔ ላሳይህ!» ትለኛለች። ማሎ በኦሮምኛ እባክህ ማለት ነው፤ እሷ ስትለው ግን እጅህን ሰብስብ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ስልክ ተደውሎላት ወጣች። ዘልዬ ተቀመጥኩና አንዲት ፊደል ነካሁ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እየሮጠች ተመለሰች፤ እናቷን «ደህና ነኝ» እያለች በሌላ እጇ ፊደሌን አጠፋችው። አንዲት ፊደል! ምን በደለቻት?

ሰነፍ እንዳልመስላችሁ። የወረቀቱን ፈተና ከሠላሳ ሃያ ሰባት ነው ያገኘሁት፤ በእስክሪብቶ ከሆነ ፕሮግራሙን እንደ ዳዊት እደግመዋለሁ። ታዲያ በአስረኛው ሳምንት መምህራችን ሰይፈሚካኤል፣ «የላብ ፈተናው ለየብቻ ነው። የወደቀ ኮርሱን ይደግማል፣ ኤሌክትሪካልም አይገባም» ብሎን ወጣ። ክው አልኩ። እናቴ ልጄ የመብራት ኢንጂነር ሊሆን ነው ብላ ለሰፈሩ አውርታ ጨርሳለች። እኔ ደግሞ ያቺ ወገቧ የተሰበረ ቅንፍ ኪቦርዱ ላይ የት እንዳለች አላውቅም!

በቃ፣ ፈነዳሁ።

«ዱሬቲ! አስር ሳምንት ሙሉ ያንቺን ጀርባ ነው የተማርኩት! ብወድቅ ለእናቴ ምን ልበላት?»

ደነገጠች። «ሐዲስ፣ አንተ እኮ ከሁላችንም ጎበዝ ነህ! የምታውቀውን ደግመህ ከምትሰለች ብዬ ነው እኔ የምጽፈው።»

ልብ በሉ እንግዲህ፤ ለእኔ አስባ ነው!

ቅዳሜ ጠዋት ደወለችልኝ። የላቡን ኃላፊ ሦስት ቀን ደጅ ጠንታ ክፍሉን አስከፍታልኛለች። ወንበሩን ሳበችልኝ። ከዚያ ከጎኔ ሆና ሁለት እጆቿን ከጭኗ ሥር አስገባችና ተቀመጠችባቸው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ካልተቀመጥኩባቸው አላምናቸውም። ጻፍ።»

የአስር ተማሪ ውጤት ተቀብሎ አማካዩን የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። እሷ በአምስት ደቂቃ ትጨርሰዋለች። እኔ በአንድ ጣት እየለቀምኩ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀሁበት። ከመስመሩ መጨረሻ ሰሚኮለን ስዘል ታያለች። ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ላብ ያጠምቃታል፣ «ያ ረቢ!» ትላለች በሹክሹክታ። አንዴ እንዲያውም እንባዋ መጣ። የቅንፉን ቦታ ስፈልግ አገጯን ወደዚያ አሾለች፤ እሱም ቆጫት መሰለኝ ወዲያው ወደ መስኮቱ ዞረች። እጇን ግን አላወጣችም። ለአስራ ሰባተኛ ጊዜ ስሞክረው አማካዩ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ልታጨበጭብ ብትል እጆቿ ደንዝዘው እምቢ አሏት፤ እልልታውን ለቀቀችው፣ ጥበቃው ምን መጣ ብሎ እየሮጠ ገባ። ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ የታገሰኝ ሰው የለም፣ እናቴንም ጨምሮ።

ፈተናውን አለፍኩ። በዚህ ሴሚስተርም አምስት ሆነን ለአንድ ኮምፒውተር ነን፤ ኪቦርዱን ማን እንደያዘው አትጠይቁኝ። ባለፈው ኑዕማን ጠጋ ብሎ «ይቺ ልጅ ግን ራስ ወዳድ አይደለችም?» ቢለኝ ኮሌታውን አንቄ ልይዘው ምንም አልቀረኝ። ዱሬቲን ማማት የእኔ ሥራ ነው፤ ሌላው አርፎ ይቀመጥ።