ሳይሳለሙ አያልፉም

በየዘመዱ መሀል አንድ ተሳላሚ አይጠፋም። ይሞታል እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይቶ ሳይሳለም አያልፍም። አገር ቤት ይሄ ጸባይ ማንንም አያስቸግርም። ዳላስ ግን በየመታጠፊያው ቤተ ክርስቲያን የተተከለበት ከተማ ነውና፣ ተሳላሚ የጫነ ሾፌር ወዮለት!

ለፍቃዱ የደረሱት ክብርት ወይዘሮ አበዛሽ ናቸው። ይህ የኤርፖርት ሻትል ነጂ፣ እሳቸው ያሳደጓትን የእህታቸውን ልጅ ፀደንያን ሊያገባ ይፈልጋል። እሷም እሺ ብላዋለች። "ሶ፣ ሽማግሌ ከመላክህ በፊት እቴቴን ራስህ አናግራት" ካለችው ግን ወራት አልፈዋል። ዳላስ ዳር ሜስኪት ከሚባለው ሰፈር፣ ከቤታቸው አንስቶ ገበያ በወሰዳቸው ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርግና "እትዬ አበዛሽ፣ አንድ ነገር..." ይላል። እሳቸው ደግሞ "ቁም፣ ቁም፣ ቁም! ሳልሳለም?" ይላሉ። በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የባፕቲስት ነው።"

"ደጁ ምን በደለ?"

አንድ ቀን ጣሪያው ሹል፣ ዓምዱ ነጭ የሆነ ሕንጻ ተሳለሙ። ለካ ባንክ ነው! ዘበኛው ግራ ገብቶት ቢያፈጥባቸው ዓምዱን ደግመው ሳሙት። በዚያው ሰሞን ባንኮች ተራ በተራ መውደቅ ሲጀምሩ "የኔው አለ አይደል? እንኳንም ተሳለምኩለት!" ብለው የፍቃዱን አፍ አስያዙት።

በመጨረሻ ፍቃዱ ዘዴ ዘየደ። በስተደቡብ የብዙ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ አንድ ጥንታዊ የገጠር ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ሰምቷል። እዚያ ወስጃቸው እስኪበቃቸው ይሳለሙ፣ ከዚያ ነፋሱ ላይ አረፍ ብለን እነግራቸዋለሁ አለ። በሜሞሪያል ዴይ በዓል ጠዋት ሦስቱም ተነሱ። መንገዱ ራሱ እስከ ባሕሩ ድረስ ቤተ ክርስቲያን በቤተ ክርስቲያን መሆኑን ግን ምስኪኑ አላሰበበትም። ከሃይዌይ በወጡ ቁጥር መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው መንገድ መሪ ጂፒኤስ፣ መንገዱን እንደገና ላስላ ስትል፣ "ሪካልኩሌቲንግ" ትላለች።

"ይቺ ሴትዮ አትሳለምም እንዴ?" አሉ ወይዘሮ አበዛሽ።

ፀደንያ ከኋላ የፍቃዱን ወንበር በጉልበቷ ገፋ አደረገችው፤ ተናገር ማለቷ ነው። ፍቃዱ አፉን ከፈተ።

"ቁም!"

ሲደርሱ ፀሐይዋ ወደ ውሃው አዘንብላለች። ቤተ ክርስቲያኗ ትንሽዬ ነጭ የእንጨት ቤት ናት። ስንቱን ማዕበል እንዳሳለፈች ደጇ ላይ ተጽፏል። ዙሪያዋን ነፋስ ወደ አንድ ወገን ያጎበጣቸው ዛፎች አሉ፤ ከነሱ ወዲያ ያለው ባሕር ብቻ ነው። ፍቃዱ በሩን ቢገፋው ተቆልፏል። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

"እትዬ፣ ዝግ ነው።"

"ደጁ አለ አይደል? ጫማህን አውልቅ።"

ሣሩ እሾህ ብቻ ነው። ክብርትነታቸው ምንጣፍ እንደሚረግጥ ሰው ሄዱበት። ፍቃዱ ጫማውን አንጠልጥሎ "ኡፍ! ኡፍ!" እያለ ተከተላቸው። ደጁን ሳሙ፣ ግንባራቸውን እንጨቱ ላይ አሳረፉ። ጆሯቸው ደከም ስለሚል፣ በሹክሹክታ የጸለዩ መስሏቸው ጮክ ብለው ጸለዩ።

"ጌታዬ፣ በየደጅህ እየቆምኩ ስለምንህ ከረምኩ። ይኸው ባሕር ድረስ መጣሁ። የዚህን ልጅ አፍ ክፈትልኝ፣ ልጄን ይጠይቀኝ። ደግ ልጅ ነው፣ ግን ፈሪ ነው። ቤንዚኑም አለቀ።"

ፍቃዱ እሾሁን ረሳው።

"እትዬ! አፌን በከፈትኩ ቁጥር ቁም የሚሉኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?"

ዞር ብለው አዩት። ቅንጣት አላፈሩም።

"ታዲያ ጸሎቴን ሳልጨርስ ልትጠይቀኝ ነበር?"

ፍቃዱ በባዶ እግሩ እንደቆመ ጠየቃቸው። ፀደንያ መኪናው አጠገብ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ወይዘሮ አበዛሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"በል ጫማህን አድርግና እንደ ሰው ሽማግሌ ላክ። እኔ እምቢ አልልም።"

ሲመለሱ ወይዘሮዋን እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ። ፍቃዱ እንደ ልቡ ሊነዳ ነው። ብዙም ሳይርቁ ግን ከፊት ለፊቱ አንድ ሹል ጣሪያ ብቅ አለ፣ እግሩም ሳያዘው ከነዳጁ ላይ ተነሳ።

"ምነው፣ ምን ሆንክ?" አለች ፀደንያ።

"ሳልሳለም?" አለና ጥግ ይዞ ፓርክ አደረገ። እንዳይቀሰቅሳቸው በሩን ቀስ አድርጎ ከፈተ።

ወይዘሮ አበዛሽ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣

"ለኔም ሳምልኝ" አሉት።