ሊቀ ሞተር ጋሽ ቃልቤሳ

መኪና በገባበት ሰፈር ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። መኪናው የትም ሲሄድ አይታይም፤ ኮፈኑ ግን ሁልጊዜ ክፍት ነው። ጎረቤት ሠርግ ሲደግስ «ጎማው አየር ጎድሎታል» ይላል፤ ለቅሶ ሲመጣ «ፍሬኑን ላስተካክል ነው» ይላል፤ ክረምት ጭቃውን፣ በጋ አቧራውን ያመካኛል። ቅዳሜ ጠዋት ሲሆን ግን ቤቱ ቢቃጠል ከሞተሩ ላይ ቀና አይልም። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። በአቃቂ በሰቃ፣ ከድሮው ባቡር ሐዲድ ወረድ ብሎ ባለው ቅያስ፣ ይህ ሹመት ያለ ተፎካካሪ የጋሽ ቃልቤሳ ነበር።

ሐጀራ ስታማቸው «ሊቀ ሞተር» ትላቸዋለች። የእህል ሱቋ ከእሳቸው የግቢ በር ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደደችም ጠላች ሥርዓቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስትከታተል ኖራለች።

ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ቧንቧው ገና ማንኮራፋት ሲጀምር ሌላው ሰው ጄሪካኑን አንጠልጥሎ ይሯሯጣል። ጋሽ ቃልቤሳ ግን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የመለዋወጫ መጋዘን ጡረታ ሲወጡ ሳይመልሱት የቀሩትን ሰማያዊ ቱታ ለብሰው፣ ደረታቸውን ነፍተው ብቅ ይላሉ። የነጯን ዲኤክስ ቶዮታቸውን ኮፈን የመንግሥት ግምጃ ቤት የሚከፍቱ ይመስል ቀስ ብለው ያነሣሉ። «መጀመሪያ ኔጋቲቩ!» ይላሉ ጮክ ብለው፤ የጠየቃቸው ግን የለም። የባትሪውን ገመድ ይፈቱና ጥግ ያስይዙታል። ከዚያ መንገዱን ተሻግረው ይመጣሉ።

«ሐጀራ፣ ፌስታል።»

«ምን ልስጥዎት ጋሼ?»

«አንድ ክብሪት። ፌስታሉ አራት ይሁን።»

በዚያ ፌስታል ዲናሞውን፣ የካንዴላ ገመዶቹንና የአየር ማጣሪያውን እንደ አራስ ልጅ ይጠቀልላሉ። ከዚያ ነጭ ጋዝና የዱቄት ሳሙና በጥብጠው በጥርስ ብሩሽ መፈተግ ይጀምራሉ። አራት ብሩሽ አላቸው፤ ከትልቅ እስከ ትንሽ በማዕረግ የተደረደሩ። አንድ ሰሞን አምስት ነበሩ። አምስተኛው የሚስታቸው የእቴቴ ዲንቄ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እቴቴ ዲንቄ ራሳቸው ያወቁት ግን አንድ ጠዋት አፋቸው ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ካለ በኋላ ነው።

«ሞተር አይታጠብም፤ ይታበሳል» ይላሉ ሊቀ ሞተር ለአላፊ አግዳሚው። ይህን ብለው ሁለት ጄሪካን ውሃ ያወርዱበታል።

በራሳቸው መኪና ቢወሰኑ ምን ነበረበት! አንድ ጊዜ ከቅያሱ ሰው ሞቶ፣ ለቀስተኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ተከራይተው ቀብር ሄዱ። መቃብሩ ላይ ሰዉ ሲላቀስ ጋሽ ቃልቤሳ የሉም። የሟች ወንድም ሊፈልጋቸው ቢሄድ፣ ሊቀ ሞተር የአውቶቡሱን ሞተር ክዳን አስከፍተው፣ በነጠላቸው ጫፍ ዘይት እየጠረጉ ሾፌሩን ይገሥጹታል። «ይሄ ሞተር እኮ ነው፣ የጠላ ጋን አይደለም!» ነጠላው ተመልሶ አልነጣም። እቴቴ ዲንቄ አሁን መጋረጃ አድርገውታል።

ልጃቸውን ኢፍቱን ሊያጭ የመጣው ሮሪሳ ያየውን አበሳማ ሐጀራ ዛሬም ስታወራው ትስቃለች። ሽማግሌዎች ይዞ፣ ተውሶ ባመጣት መኪና፣ መስተዋት እስክትመስል አስወልውሏት ደረሰ። ጋሽ ቃልቤሳ በር ላይ ቆመው ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይመልሱ፣ «እስቲ ኮፈኑን ክፈተው» አሉ። ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆሙ። ሞተሩ ጥላሸት ነበር። «ላዩን ብቻ የሚያጥብ ሰው ልጄን አላሳየውም» ብለው አሰናበቱት። ምስኪኑ ሮሪሳ በሳምንቱ መዳፉ ተላልጦ፣ የሚያብለጨልጭ ሞተር ይዞ መጣና ኢፍቱን አገባ። ዛሬ መኪና የሚባል ነገር ሲያይ ፊቱን ያዞራል ይባላል።

ይህ ሁሉ ለሐጀራ ከሳቅ አልፎ አያውቅም ነበር፤ ውሃው እስኪመጣባት ድረስ። ቅያሱ ወደ እሷ በር ያዘቀዝቃል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ያ ጥቁር፣ ዘይታም፣ አረፋ የደፈቀ እጣቢ እየተጥመለመለ ወርዶ ደጃፏ ላይ ይተኛል። ደንበኛ ያንሸራትታል፤ ሽታው ስኳር ውስጥ ይገባል። ስትናገር «እሺ» ይላሉ፤ በሳምንቱ ደግሞ ያው ነው።

ከአረፋ በዓል በፊት በነበረው ቅዳሜ እጣቢው ደፉን ዘለለና ገባ። መሬት ላይ የነበረ አንድ ኩንታል የፉርኖ ዱቄት ከሥሩ ጠጥቶ ጠቆረ። ሐጀራ ሮጣ ወጣች።

«ጋሽ ቃልቤሳ! ዱቄቴን አቦኩት እኮ!»

ሊቀ ሞተር ከኮፈኑ ሥር ቀና አሉ። «አይዞሽ ልጄ። ለካሣው የአንቺን መኪና ሞተር በነፃ አጥብልሻለሁ።»

«የእኔ መኪና ሠርታ አዳሪ ናት!» አለች ሐጀራ። «ገላዋን ስትታጠብ የምትውል እመቤት አይደለችም!»

ሰኞ ዕለት ለዕድሩ ዳኛ ለአቶ ተሰማ ክሷን አሰማች። እሑድ ሽማግሌ እንዲቀመጥ ተቀጠረ።

ሐሙስ ጠዋት ሐጀራ ለበዓሉ የሚሸጥ ዕቃ ልታመጣ መርካቶ ለመሄድ ተነሣች። መኪናዋ የኋላ ወንበሮቿ የተነቀሉ፣ ሞተሯ ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር የሆነ፣ በቤንዚን የምትሠራ አሮጌ ሚኒባስ ናት። በሩን ስትከፍት ያ የለመደችው ሽታ አፍንጫዋን መታው። ሰሞኑን በየዕለቱ ይሸታታል፤ በየዕለቱም ጋሽ ቃልቤሳን ረግማቸዋለች። የዛሬው ግን ባሰ። ደሟ ፈላ።

«ጋሽ ቃልቤሳ! ደግሞ በአዘቦት ጀመሩ?»

ሊቀ ሞተር ጋቢ ደርበው በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። «እንዴ! ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው። በሐሙስ ሞተር ነክቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ይሄ ነጭ ጋዝ ከየት መጣ?»

ጋሽ ቃልቤሳ ተነሥተው ተሻገሩ። አገጫቸውን ቀና አድርገው አሸተቱ፤ አንድ እርምጃ ቀረቡና ደግመው አሸተቱ። ሐጀራ ይህን ጊዜ መቀመጫዋ ላይ ወጥታ ቁልፉን ሰክታለች።

«እንዳታስነሺ!»

«መንገዱ ሳይዘጋ ሳሪስን ማለፍ አለብኝ። ዞር ይበሉልኝ።»

«ነጭ ጋዝ አይደለም ይሄ። ቤንዚን ነው። ውረጂ።»

አልወረደችም። እሳቸውም ዞር አላሉም፤ መኪናው ፊት ሄደው ተገተሩ። ሐጀራ ጥሩንባ ነፋች። የቅያሱ ሰው ከየበሩ ብቅ ብቅ አለ። የዱቄቱ፣ የፌስታሉ፣ የዘጠኝ ዓመቱ ብስጭት ሁሉ አንድ ላይ ገንፍሎ አፏ ላይ መጣ። ወርዳ አጠገባቸው ደረሰችና፦

«እርስዎ ስለ መኪና ምን ያውቃሉ? መኪናዎ ከዚህ በር ስትወጣ ማን አይቷታል? መንዳት ያቃተው ሰው ነው ሲያጥብ የሚኖረው!»

ጋሽ ቃልቤሳ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረቡ። ጎንበስ ብለው፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «እውነትሽን ነው» አሏት። «ዐይኔ ከከዳኝ አራት ዓመት አለፈው። ፊትሽን እንኳ የማውቀው በድምፅሽ ነው። ለዲንቄ እንጂ ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ቁጥር አሥር የብሎን ቁልፍ አምጪና መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቺ።»

ሐጀራ ቁልፉን አምጥታ የባትሪውን ገመድ ፈታች። መቀመጫውን አነሣች። ሥሩ ያለውን ስታይ ራሷም አፈረች፤ ዘይትና አቧራ ተጋግሮ፣ የትኛው ቱቦ የትኛው ሽቦ እንደሆነ አይለይም። ሰው ሁሉ የሰማው የሊቀ ሞተር ምላስ ጠቅታ ቅያሱን ሞላው።

«የጠላ ጋን!» አሉ፣ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው።

ይህን ካሉ በኋላ ማን ያስቸኩላቸው! ከቤት ብሩሾቻቸውን አስመጡ። ሐጀራ «ኧረ ቶሎ ይበሉ» ስትል፣ «ያልጸዳ ነገር አይታይም» እያሉ፣ በደረቅ ጨርቅ እየጠረጉ፣ በብሩሽ እየፋቁ ከጥግ እስከ ጥግ ሄዱ። እጃቸው ግን የት እንዳለ ያውቃል። ጣታቸው የቤንዚኑን ጎማ ቱቦ ከጫፉ ጀምሮ እንደ መቁጠሪያ እየዳሰሰ መጣና ማሰሪያው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ጣትሽን አምጪ።»

ሐጀራ ጣቷን ሰጠቻቸው። እዚያ ላይ አሳረፉት። እርጥብ ነበር፤ ይቀዘቅዛል። ጎንበስ ብላ ስታይ ቱቦው በፀጉር ቅጥነት ተሰንጥቆ ቤንዚኑ ጠብ ጠብ ይላል። ከሥሩ ደግሞ ሽፋኑ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጋድሟል። ከዚያ በላይ ያለው የእሷ መቀመጫ ነው። ትናንት ተቀምጣበት ነበር፤ ከትናንት በስቲያም ትንሿን ልጇን ሃዊን ጭኗ ላይ አድርጋ እዚያው ተቀምጣለች።

«ወላሂ» አለችና ደፉ ላይ ቁጭ አለች።

ከበሰቃ ሱቆች አዲስ ቱቦ መጣ፤ አስገቡት። ሽቦውም ተጠቀለለ። ሐጀራ መርካቶ የደረሰችው ሁለት ሰዓት ዘግይታ ነው። በመንገዷ ሁሉ መስኮቱን ከፍታ ስታሸት ነበር፤ የሚሸት ነገር ግን አልነበረም።

ሌላ ሰው ቢሆኑ ነገሩን እዚያ ላይ ይተዉት ነበር። ጋሽ ቃልቤሳ ግን ሊቀ ሞተር ናቸው። ሐሙስ ማታ ታሪኩ ላይ ጭስ ጨመሩበት። ዓርብ ጠዋት ነበልባል ነበረው። ቅዳሜ፣ የራሳቸውን ሞተር እያጠቡ ለባጃጅ ሾፌሮች ሲተርኩ፣ ሐጀራን ከእሳት ውስጥ ተሸክመው አውጥተዋት ነበር። ሐጀራ ባንኮኒዋ ላይ ሆና እያንዳንዷን ቃል ሰማች። እጣቢውም እንደ ወትሮው እየተጥመለመለ መጥቶ ደጃፏ ላይ ተኛ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በዕድሩ ቤት ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አቶ ተሰማ ክሱን አስታወሱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጉዲሳ የሚባል ደላላ፣ ነገር ማሳጠር ይወዳል።

«ምን ክርክር ያስፈልገዋል?» አለ። «የማይነዳ መኪና ለምን ይታጠባል? ይሽጠውና ሰፈሩ ይረፍ። ሰውየው እንደሆነ ለይቶለታል፤ ሐሙስ ዕለት እሳት አጠፋሁ እያለ ነው አሉ!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሐጀራ ጋሽ ቃልቤሳን አየቻቸው። ሳቁ ከየት በኩል እንደመጣ የሚፈልጉ ይመስል አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ አዞሩ፤ ኋላም መሬት መሬት አዩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስታማቸው የኖረችው ሴት ከወንበሯ ተነሣች።

«አቶ ጉዲሳ፣ ከሳሿ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

«አንቺ ነሽ እንጂ። ለአንቺ ብዬ እኮ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ ተው። እኔ የከሰስኩት ውሃውን ነው። መኪናው የራሳቸው ነው፤ ቢያጥቡት፣ ቢያጥኑት፣ ቢያቆርቡት ምን አገባህ? ደግሞ ሐሙስ ዕለት ያደረጉትን አላየህም። እኔ አይቻለሁ። በዚህ ቤት ከተቀመጠው ዐይናማ ሁሉ ያን ስንጥቅ ማንም አያገኘውም ነበር።»

ሳቁ ቆመ። አቶ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ምን ይደረግልሽ?»

«እጣቢያቸውን ሰጋቱራ በሞላ በርሜል ያጠራቅሙ። በደጄም ቦይ ይቆፈር። ወጪውን ለሁለት እንካፈላለን። ካልሆነ አሁንም እከሳለሁ፤ ደግሞ ስለ ሐሙሱ መዋሸታቸውን ያቁሙ። አልተሸከሙኝም!»

«ልሸከምሽ ምንም አልቀረኝም ነበር» አሉ ጋሽ ቃልቤሳ።

«ዝም ይበሉ ጋሼ!»

ተስማሙ። ሲወጡ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ፣ መንገዱ ላይ የቤቶቹ ጥላ ረዝሞ ነበር። ጋሽ ቃልቤሳ ደረጃው ላይ ትንሽ አመነቱ። ሐጀራ ክንዳቸውን ያዘች። እሳቸውም ምንም እንዳልተያዙ ሁሉ ወሬያቸውን ቀጠሉ፤ ሰጋቱራ ከየትኛው እንጨት ቤት እንደሚሻል፣ ቦዩ ስንት ጣት ማዘቅዘቅ እንዳለበት፣ የእሷ ራዲያተር ከነገ ወዲያ ሳያልፍ መታየት እንዳለበት። ቅያሱን ሙሉ አላቋረጡም።

«ደግሞ ዘይት ከቀየርሽ ስንት ጊዜሽ ነው? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ጋሼ» አለች ሐጀራ፣ «ድንጋይ አለ። እግርዎን ከፍ ያድርጉ።»