ጃፓንን ለጃፓናዊቷ

የማያውቀውን አገር የሚያስጎበኝ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በየቀኑ ይገጥመኛል። መኳንንት ይባላል፤ እዚሁ ላሊበላ እኔ በምሠራበት ሆቴል ደጃፍ የማይጠፋ አስጎብኚ ነው። «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። የተከራከረውን ሁሉ «የአመለካከት ችግር አለብህ» ይለዋል፤ ከቀበሌ ስብሰባ ያገኛት እውቀት እሷው ናት።

ሆቴላችን ግድግዳ ላይ አንድ እንግዳ ትቶልን የሄደው የጃፓን ሥዕል ተሰቅሏል። እንጨት ላይ ተቀርጾ ወረቀት ላይ የታተመ ነው አሉ። ዓይኑን ያጉረጠረጠ፣ አፉን ያጣመመ ሰውዬ ይታይበታል። አንድ ቀን ጠና ያሉ ጃፓናዊት አዩትና ፊታቸው በራ።

«የቲያትር ተዋናይ ነው» አሉ። «ወንበዴ ሆኖ ሲጫወት ነው።»

እንግዲህ የአገሩ ሰው ከተናገረ ሌላው ዝም አይልም? መኳንንት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተሳስተዋል፣ እማማ። ክፉ ሰው በጎን ሆኖ በአንድ ዓይን ነው የሚሣል፤ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ አሳይዎታለሁ። ይኸው ሁለት ዓይን አለው። የአገርዎ ባሕታዊ ነው። አፉ የተጣመመው ጾም በዝቶበት ነው።»

ሴትዮዋ ጨዋ ናቸው፤ ዝቅ ብለው እጅ ነሡት።

«አየህ፣ አመኑ!» አለኝ በጆሮዬ።

እየሳቅሁበት ቤቴ ገባሁ። ልጆቼ እንደ ልማዳቸው ከበቡኝና «ስለ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ንገረን» አሉኝ። ልጀምር ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስለ ዋሻው የማውቀውን ሁሉ የነገረኝ መኳንንት ነው።