የኔትወርክ ተማሪዋ አባት

ልጁ ኮምፒውተር የሚማርለት አባት ገጥሟችሁ ያውቃል? ወረታ ባጃጅ ላይ ከጎናችሁ ይቀመጥና ሳትጠይቁት «የእኔዋ ኔትወርክ ነው የምታጠናው» ይላችኋል። አትፍረዱበት፤ ያ ሰው እኔ ነኝ።

ባለፈው ለመሬት ጉዳይ ቢሮ ብሄድ «ኔትወርክ የለም» ተባልን። ከይፋግ ድረስ የመጣ ገበሬ ግቢውን ሞልቶታል። ልጄ ትርንጎ ለልምምድ የተመደበችው እዚያው ነው። «ልየው?» ብትል ኃላፊው «ችግሩ ከበላይ ነው፤ አንቺ ገና ተማሪ ነሽ» አሏት።

እሷ ግን በርከክ ብላ የኔትወርኩን ገመድ ከመነሻው ጀምራ በእጇ እየዳሰሰች ተከተለችው። ይሄን ማን ያስተማራት ይመስላችኋል? የሩዝ ማሳዬ ውሃ ሲቀርበት፣ ቦዩን ከወንዙ ከጠለፍኩበት ጀምሬ የተደፈነውን እስካገኝ ስከተል ከኋላዬ የነበረችው እሷ ናት!

ገመዱ ኃላፊው ለቤታቸው ከገዙት የሩዝ ጆንያ ሥር ገባ።

«ጌታዬ፣ ሩዝዎን ያንሱልኝ» አለች።

ጆንያው ተጭኖ የነቀለውን ገመድ መልሳ ሰካችው፤ ኔትወርኩ መጣ።

ገበሬዎቹ «የት ተማረች?» ሲሉኝ «ኮሌጅ» አልኩ፤ ትሑት ሰው ነኛ! ትናንት ግን ቦይ ስጠርግ ጎረቤቴ «ምን እየሠራህ ነው?» ቢለኝ፣ ቀና ብዬ «ኔትወርክ» አልኩት።